ግራጫና አረንጓዴ በእንግዳ መቀበያ ክፍል



አዲስ ቤት የሠራ ወይም የተከራየ ሰው ቤቱን በከፈተ ጊዜ፥ ዘመድና ጎረቤት «ቤት ለእምቦሳ» እያለ ይገባል፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ይህ የቆየ የምርቃት ቃል የሚያስታውሰን፥ ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ልጅ የሚያድግበት፥ ሽማግሌ የሚጦርበት፥ እንግዳም የሚያርፍበት ስፍራ መሆኑን ነው። ስለዚህ ቤቱን ለማስጌጥ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ያምራል?» ብሎ ሳይሆን «በዚህ ቤት ማን ይቀመጥበታል?» ብሎ ነው።

በዚህ ወር ሳሎን ስለምንለው ስለ እንግዳ መቀበያ ክፍል፥ ይልቁንም በግራጫና በአረንጓዴ ቀለም ስለ ማስጌጥ እንነጋገራለን። ይህን ርእስ የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ ግራጫ ቀለም በየከተማው በአዳዲስ ቤቶች ግድግዳና ወንበር ላይ ስለሚታይ፥ አረንጓዴንም ከእርሱ ጋር ለማስማማት የሚፈልጉ ብዙዎች ስለሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ በራሴ ቤት ከደረሰ ስሕተት የተማርሁት ነገር ስላለ፥ እርሱን ሳልሸሽግ ለመናገር ነው።

አስቀድመን ቀለሞቹን እንወቅ። ግራጫ ነጭና ጥቁር ተቀላቅለው የሚያስገኙት ቀለም ነው። ወላጆቻችን ግን በአንድ ስም ብቻ አልጠሩትም፤ ፈረሱን ግራጫ፥ ከብቱን ዳለቻ፥ ልብሱንና አፈሩን አመድማ እያሉ ለይተው ያውቁት ነበር። አረንጓዴም እንዲሁ አንድ አይደለም፤ የቄጤማው አረንጓዴ ከወይራው፥ የወይራውም ከጎመኑ ይለያል። በግእዝ ሐመልማል የሚባለው ቃል የለመለመውን ቅጠል የሚያመለክት ነው። ስለዚህ ወደ ቀለም ሻጭ ሄዶ «ግራጫና አረንጓዴ ስጠኝ» ማለት፥ ወደ ገበያ ሄዶ «እህል ስጠኝ» እንደ ማለት ነው። የትኛውን ግራጫ? የትኛውን አረንጓዴ? ብሎ አስቀድሞ መቍረጥ ያስፈልጋል።

ነጭ ቀለም ላይ ጥቁር ብቻ ቢጨመር የሚገኘው ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላና ብርድ ብርድ የሚል ይሆናል። በዚሁ ላይ ጥቂት ብጫ የአፈር ቀለም ጠብ ቢደረግበት ግን ሞቅ ይላል። አረንጓዴውም ብጫው ሲበዛ አዲስ የበቀለ ሣር ይመስላል፤ ሰማያዊው ሲበዛ ይጠልቃል፤ እጅግ የሚጮኽ ሲሆንም ጥቂት ቀይ ቢጨመርበት ረገብ ይላል። ይህን የሚያውቅ ቀለም ቀቢ የታሸገውን ቀለም እንደ ክፍሉ ጠባይ ሊያርመው ይችላል።

እነዚህ ሁለት ቀለሞች ይስማማሉ ወይ? ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከደጃችን እናገኘዋለን። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ግራጫ፥ ምድሩ አረንጓዴ ነው፤ ዓይናችንም በዚህ ሲሰለች አይታይም። ከአውስትራልያ መጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአገራችን የተተከለው ነጭ ባሕር ዛፍ፥ ለጋ ቅጠሉ እንደ ሰም ያለ አመድማ ዱቄት የለበሰ በመሆኑ፥ ሁለቱን ቀለሞች በአንድ ቅጠል ላይ አዋሕዶ ያሳየናል። አሪቲም እንዲሁ ነው። በአሮጌ የድንጋይ አጥር ላይ ሽበት ያበቀለ የሚመስለውን ድንጋይና በመካከሉ የወጣውን ለምለም ሣር ያየ ሰው፥ የግራጫና የአረንጓዴን ጋብቻ አይጠራጠርም። በገጠርም እናቶች ግድግዳውን በእበትና በአመድ ሲለቀልቁት የሚገኘው አመድማ መልክ፥ በበዓል ቀን ቄጤማ ሲጐዘጐዝበት ምን ያህል እንደሚያምር የማያስታውስ አይኖርም። እንግዲህ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሆኖም ቀለም ብቻውን አይታይም፤ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚታየው። ይህን በጥንቃቄ የመረመረው ሚሼል ኤዥን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በፓሪስ በጎብለን የምንጣፍና የመጋረጃ ሽመና ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ፥ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ክስ ቀረበለት። እርሱም ቢመረምር፥ ጕድለቱ ከማቅለሚያው ሳይሆን በጥቁሩ አጠገብ ከተሸመኑት ከሌሎቹ ክሮች መሆኑን አገኘ። የምርመራውንም ፍሬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 በመጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ ትምህርት ለእኛ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ግራጫ በአረንጓዴ አጠገብ ሲቀመጥ ጥቂት ወደ ቀይ ያደላ መስሎ ይታያል። በሱቅ ውስጥ ንጹሕ ግራጫ የነበረው ግድግዳ አረንጓዴው ሶፋ ሲገባ የደበዘዘ ሮዝ መስሎ የሚያስደነግጣቸው ሰዎች ቀለም ሻጩን ባይወቅሱ መልካም ነው። መድኃኒቱ፥ ግራጫው ራሱ በጣም ጥቂት አረንጓዴ የነካው እንዲሆን ማድረግ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የብርሃን ነገር ነው። በአውሮፓ የቤት ማስጌጫ መጻሕፍት ወደ ሰሜን የሚከፈት መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ እንደማያገኝ ይነገራል። ይህ በእነርሱ አገር እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9ኛው ዲግሪ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፥ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ነገር ግን ፀሐይ በሰሜን በኩል ከምታልፍባቸው ወራት የሚበዙት ደመናና ዝናም ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ መስኮቱ ወደ ሰሜን ብቻ የሆነ ሳሎን በበጋ ፀሐይ አይገባበትም፤ በክረምትም ደመና ይጋርደዋል። በእንደዚህ ያለ ክፍል ሰማያዊ የሚመስለውን ግራጫ መቀባት የለቅሶ ቤት ማስመሰል ነው፤ ሞቅ ያለውን ግራጫና ወደ ብጫ የሚያደላውን አረንጓዴ መምረጥ ይሻላል። መስኮቱ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሆነ ግን ቀዝቀዝ ያለውንም ግራጫ ይችላል።

የማታው መብራትም እንዲሁ ቀለሙን ይለውጠዋል። በአምፑሉ ማሸጊያ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል የተጻፈበት ወደ ብጫ ያደላ ብርሃን ይሰጣል፤ 6500 የሚል የተጻፈበት ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። በቀን የወደዳችሁት ግራጫ በማታ እንዳይከዳችሁ፥ ግድግዳውን ሁሉ ከመቀባታችሁ በፊት በሁለት ወገን ግማሽ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ፥ በየግድግዳው እያዛወራችሁ በጧት፥ በቀትርና በማታ ተመልከቱት። ሁለት ቀን መታገሥ ሁለት ጊዜ ከመቀባት ያድናል።

ስለ መጠኑም የቤት አስጌጮች የሚከተሉት ቀላል ልማድ አለ፤ ክፍሉን በዐሥር እጅ ከፍሎ፥ ስድስቱን ለአንደኛው ቀለም፥ ሦስቱን ለሁለተኛው፥ አንዱን ለሦስተኛው መስጠት ነው። ስድስቱ እጅ ገርጠት ያለ ግራጫ ይሁንና በግድግዳው ላይ ይዋል። ሦስቱ እጅ አረንጓዴ ሆኖ በመጋረጃ፥ በትራስና በአንድ ግድግዳ ላይ ይታይ። የቀረው አንዱ እጅ ብጫ ወይም የሸክላ ቀለም ቢሆን፥ ሁለቱን ቀዝቃዞች ያሞቃቸዋል። ይህንንም አንዱን እጅ ከሱቅ መግዛት አያስፈልግም። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአለላ ሰፌድ፥ በማእዘን የቆመ መሶብ፥ ከዋንዛ የተሠራ በርጩማ ይበቃል። በብዙዎቻችን ሳሎን የሚገኘው ሥዕለ አድኅኖም በቀይ፥ በብጫና በሰማያዊ ቀለም ያጌጠ በመሆኑ፥ ጸጥ ባለ ግራጫ ግድግዳ ላይ ጐልቶ ይታያል፤ ከሌላ ጌጥ ጋር እንዳይደባለቅ ግን ዙሪያው ባዶ ሊተውለት ይገባል።

አሁን ቃል ወደ ገባሁበት ወደ ራሴ ስሕተት እመለሳለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳሎናችንን ስናሳድስ፥ ግድግዳውንም ወለሉንም ግራጫ፥ ሶፋውን ጥቁር አረንጓዴ አደረግነው። በሶፋውና በግድግዳው መካከል ሰፊ አመድማ ምንጣፍ አነጠፍን። የገባው እንግዳ ሁሉ አመሰገነን፤ እኔም ምስጋናውን ወድጄ ተቀበልሁ። በዚያው ዓመት ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ያለፈው እናቴ ከገጠር መጥተው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። አንድ ማታ ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ፥ ሳሎኑን ከመመገቢያው ክፍል የምትለየውን አንዲት ደረጃ ሳያዩ ረግጠው ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ አጥንት አልተሰበረም፤ የእጃቸው አንጓ ግን አብጦ ብዙ ቀን አመማቸው።

ከዚያ በኋላ እናቴ ወደ ሳሎን መውጣት ተዉ። ቡናውም ምግቡም ወደ መኝታቸው እንዲሄድላቸው ይጠይቁ ጀመር። ለምን? ብንላቸው «እኔ እዚሁ ይሻለኛል፤ እናንተ ከእንግዶቻችሁ ተጫወቱ» ይሉን ነበር። እኛም ድካም ነው ብለን ዝም አልን። ምክንያቱን የነገረችን ዐሥር ዓመት የሞላት ልጃችን ናት። «እማማ እኮ ወንበሩን በእጃቸው እየዳበሱ ነው የሚፈልጉት» አለችን። እኛ የተመሰገንበት ክፍል እናቴን ከቤተ ሰቡ መካከል አውጥቷቸው ኖሯል።

ነገሩ እንዴት ነው? ሰው ሲያረጅ በዓይኑ ውስጥ ያለው ምስሪት ወደ ብጫ እየተለወጠ ይሄዳል፤ የዓይኑ ብሌንም ስለሚጠብብ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከወጣት ዓይን ይልቅ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ አረንጓዴን ከሰማያዊ፥ ጥቁር አረንጓዴን ከጥቁር ግራጫ መለየት ያስቸግረዋል። ለአረጋዊ ዓይን ዋናው ነገር የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን የጥቁረቱና የንጣቱ ልዩነት ነው። ግራጫና አረንጓዴ በስም ሁለት ቢሆኑም፥ ጥቁረታቸው እኩል ከሆነ በደብዛዛ ብርሃን አንድ ናቸው። ባለቤቴ ሳሎኑን በስልኳ ፎቶግራፍ አንሥታ፥ ቀለሙን አጥፍታ በጥቁርና ነጭ ብታሳየኝ፥ ሶፋው፥ ምንጣፉና ደረጃው ተዋሕደው አንድ ጥላ ሆነው አየኋቸው። እናንተም፥ አንባቢዎች ሆይ፥ ይህን ፈተና በቤታችሁ አድርጉ። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ወንበሩ ከወለሉ ካልተለየ፥ ለእናታችሁም ለአባታችሁም አይለይም።

ያደረግነው መፍትሔ ቀላል ነበር። በደረጃዋ ጠርዝ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ መስመር ቀባን። ጠርዙ የሚታጠፈውን ምንጣፍ አነሣን። በእናቴ ወንበር ላይ ነጭ ጋቢ አጣጥፈን አነጠፍን። አምፑሉን ብርሃኑ በረታ ባለ ለወጥን። ግድግዳውን ደግሞ ሌላ ጊዜ ገንዘብ ሲገኝ ገርጠት ባለ ግራጫ አስቀባነው። አረንጓዴው አልተጣለም፤ ስፍራውን ብቻ ዐወቀ።

ቀለም ሲመረጥ ስለ ጤናም ማሰብ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1775 ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለ የስዊድን የኬሚስትሪ ሊቅ ከመዳብና አርሴኒክ ከሚባለው መርዝ ያማረ አረንጓዴ ቀለም አገኘ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በብዙ የአውሮፓ ቤቶች የግድግዳ ወረቀት በዚህና ይህን በመሰለ ቀለም አጌጠ፤ ብዙ ሰውም ታመመበት። እርጥበት ባለበት ግድግዳ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ከዚህ ቀለም መርዛም ጋዝ እንደሚያወጣ ኢጣሊያዊው ባርቶሎሜዮ ጎዚዮ በ1890ዎቹ ዓመታት አስረዳ። ያ ቀለም ዛሬ በቤት ውስጥ አይቀባም። ዛሬ የሚያሠጋው በአንዳንድ የዘይት ቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ የተባለው ብረት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ ጕዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። በኢትዮጵያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እንዳይበልጥ ይወስናል። ስለዚህ ቀለም ስትገዙ እርሳስ የሌለበት መሆኑን ጠይቁ። አሮጌውን ቀለም ስታስፍቁም በደረቁ አይፋቅ፤ በውሃ ይራስ፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችም አቧራው እስኪጸዳ ድረስ ከቤቱ ይራቁ።

የሚያስፈልገውን ቀለም አስቀድሞ ማስላትም ከብክነት ያድናል። ርዝመቱ 5 ሜትር፥ ስፋቱ 4 ሜትር፥ ከፍታው 2 ሜትር ከ80 የሆነ ሳሎን ቢኖራችሁ፥ ዙሪያው 18 ሜትር ነው። ይህም በከፍታው ሲባዛ 50 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ለበሩና ለሁለት መስኮቶች 5 ካሬ ሜትር ያህል ሲቀነስ 45 ይቀራል። ሁለት ጊዜ ስለሚቀባ 90 ካሬ ሜትር ማለት ነው። አንድ ሊትር ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፥ 9 ሊትር ይበቃል። ከአራቱ ግድግዳ መስኮትና በር የሌለበትን፥ ስፋቱ 4 ሜትር የሆነውን አንዱን አረንጓዴ ብታደርጉት፥ ከ9ኙ ሊትር 2 ሊትር ከሩብ የሚያህለው አረንጓዴ፥ የቀረው ግራጫ ይሆናል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ግን አራት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ አይቀባ፤ እርጥበት ያለበትም ግድግዳ እርጥበቱ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ በቀለም አይሸፈን።

ገንዘብ ለሌለው ሰውም መንገዱ አልተዘጋም። ግድግዳው ሳይነካ ሁለት አረንጓዴ የትራስ ልብስና በማሰሮ የተተከለ ቅጠል ብቻ ሳሎኑን ሊያድሱት ይችላሉ። ስለ ጌጥ ብሎ መበደር ግን አይገባም፤ የተበደሩበት ወንበር ዕዳው እስኪከፈል ድረስ አይመችም።

ወደ ፍጻሜው ስመጣ ስለ እናቴ የቀረውን ልንገራችሁ። የሳሎኑን ጕድለት ካረምን በኋላም ደረጃዋን ሲወርዱ ይጠራጠሩ ስለ ነበር፥ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድናቸው። የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ እንደ ጋረደው ተነገረን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 እና በ2006 በአገራችን የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፥ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህም በቀዶ ጥገና የሚድን በሽታ ነው። እኛ ግን «እርጅና ነው» እያልን ጊዜ እናሳልፍ ነበር። ስለዚህ በቤታችሁ ያለ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ወንበር መዳበስ ሲጀምር፥ ቀለሙንም መርምሩ፤ ዓይኑንም አስመርምሩ።

ቀዶ ጥገናው ተደርጎ ፋሻው ከተነሣ በኋላ እናቴ በነጩ ጋቢ ላይ ተቀምጠው ወደ መስኮቱ ሲመለከቱ ቆዩና «ይህ መጋረጃ አረንጓዴ ኖሯል? እኔ እኮ ጥቁር መስሎኝ፥ ለምን ጥቁር ሰቀሉ እያልሁ ዝም ብዬአችሁ ነበር» አሉን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡናው በሳሎን ይፈላል።